የፌዴሬሽናችን የድርድር ድጋፍ ከድሬዳዋ ሲመዘን

በብስኩት ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ነኝ። ከአባላት ደመወዝ ከሚቆረጠው መዋጮ ድርሻው የሠራተኛ ማኅበራት ወደተሰባሰቡበት ፌዴሬሽን ሲላክ የምፈርመው እኔ ስለሆንኩ፣ ማኅበራችን ከአሠሪው ጋር ስለ ሥራ ሁኔታ በሚፈራረመው የኅብረት ስምምነት የዘንድሮ ድርድር ምን አገልግሎት እንዳገኘንበት መናገር ይገባኛል።

በቅድሚያ የፌዴሬሽኑ የሕግ ባለሙያ ትመስገን። አሠሪው ያቀረበው ረቂቅ ከቆየ ስምምነት የተገለበጠ ነበር፤ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠውን ፈቃድ 60 ቀን ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን 90 ቀን አድርጎታል። ባለሙያዋ ይህንን ገና በመጀመሪያው ንባብ ነቅሳ አወጣችው። በማሸጊያ ክፍላችን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸውና ይህ ብቻውን የመዋጮውን ዋጋ ያወጣል። እንዲህ ያለ ባለሙያ እያንዳንዱ ማኅበር ለብቻው ሊቀጥር አይችልም፤ የጋራ ገንዘብ በማዕከል መሰብሰቡ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ቅር ያሰኘኝ ከአዲስ አበባ የተላከልን የስምምነት ናሙና ነው። ለጥበቃ ሠራተኞች ካፖርት፣ የዝናብ ልብስና ጃንጥላ ይዘረዝራል፤ ስለ ሙቀት አንድም መስመር የለውም። በግንቦትና በሰኔ ከቀትር በኋላ የከተማችን የከዚራ ሰፈር ሱቆች ተዘግተው ሰው ሁሉ ጥላ ሲፈልግ፣ የእኛ ሰው ከመጋገሪያው ፊት ቆሟል። ስለዚህ ቀዝቃዛ የመጠጥ ውሃ፣ ማራገቢያና ለቀትሩ ፈረቃ ተጨማሪ ዕረፍት እንዲገባልን ጠየቅን። የተላከው አስተባባሪ «ናሙናው ላይ የለም፤ ዋናውን ቢሮ ልጠይቅ» አለን። መልሱ እስኪመጣ ድርድሩ ተገባደደ። ውሃውና ማራገቢያው ገቡ፤ ዕረፍቱ ቀረ።

ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል። በሕጉ ከአሠሪው ጋር የሚደራደረው የድርጅቱ ሠራተኛ ማኅበር ነው። ፌዴሬሽን ያግዛል እንጂ ለጥያቄያችን ፈቃድ ሰጪ አይደለም። በዚህች ከተማ የምድር ባቡር ሠራተኞች የተደራጁት እኮ በ1955 ዓ.ም. አገር አቀፉ የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ከመቋቋሙ በፊት ነው!

ድጋፉን ለመጠየቅ የምታስቡ የድሬዳዋና የሐረር ማኅበራት፣ ጠይቁ። ነገር ግን ናሙና እስኪላክላችሁ አትጠብቁ። ረቂቃችሁን ራሳችሁ ጽፋችሁ፣ በጠቅላላ ጉባኤ አጽድቃችሁ ላኩ፤ ባለሙያዋ እሱን ትመርምርላችሁ። ማን እንደሚደራደርና በየትኛው ነጥብ ላይ የመወሰን ሥልጣን እንዳለው አስቀድማችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። እኛም የቀትሩን ዕረፍት በሚቀጥለው ድርድር የመጀመሪያው አንቀጽ አድርገን እናቀርበዋለን።