ካሳንድራ ጥሩ ዳታቤዝ ነው፣ የኔትወርክ ሴቲንጉ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል

ካሳንድራን ሦስት ሰርቨር ላይ ጭኜ እየሠራሁበት ነው፤ ወድጄዋለሁ። አንዱ ሰርቨር ቢወድቅ ሥራው ይቀጥላል።

የኔትወርኩ ሴቲንግ አንድ የያምል ፋይል ውስጥ መሰብሰቡ ደስ ይላል። ችግሩ ስሞቹ ይመሳሰላሉ። «ሊስን አድሬስ» ሰርቨሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ነው፣ «አርፒሲ አድሬስ» ደግሞ አፕሊኬሽኑ የሚገባበት። ሁለቱም ሲጫኑ ሎካልሆስት (ሰርቨሩ ራሱን ብቻ የሚጠራበት አድራሻ) ላይ ናቸው፤ ካልቀየራችኋቸው ሰርቨሮቹ አይተያዩም። አርፒሲውን 0.0.0.0 (በሰርቨሩ አድራሻዎች ሁሉ ተቀበል ማለት ነው) ማድረግ ይቻላል፣ ግን «ብሮድካስት አርፒሲ አድሬስ»ን፣ ማለትም ለአፕሊኬሽኑ የሚነገረውን አድራሻ፣ አብራችሁ ካልሞላችሁ ካሳንድራው ጭራሽ አይነሳም። ሊስኑን ግን በፍጹም 0.0.0.0 እንዳታደርጉት። የሲድ ዝርዝሩ (ሰርቨር ሲነሳ ሌሎቹን ለማግኘት መጀመሪያ የሚያናግራቸው ሰርቨሮች) ቀላል ነው፤ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።

እኔን ግማሽ ቀን የበላኝ ፋየርዎሉ ነው። ሳበራው አፕሊኬሽኑ የሚገባበትን ፖርት 9042ን ከፍቼ ሰርቨሮቹ የሚነጋገሩበትን 7000ን ረስቻለሁ። አፕሊኬሽኑ ያለችግር ይገናኛል፣ የሰርቨሮቹን ሁኔታ በሚያሳየው ትእዛዝ «ኖድቱል ስታተስ» ብዬ ሳይ ግን የገባሁበት ሰርቨር መስመር «ዩኤን» (እየሠራ ነው) ይላል፣ የሁለቱ ጓደኞቹ «ዲኤን» (ወድቋል)፣ በየሰርቨሩ ብዞርም ያው ነው፣ ሁሉም ራሱን ብቻ በሕይወት ያለ ይመስለዋል። 7000ን ስከፍት ወዲያው ሦስቱም «ዩኤን» ሆኑ። እፎይ አልኩ!

ደግሞ አደራ፣ ፖርት 7199ን ለውጭ አትክፈቱት፤ ሰርቨሩን ማዘዣ በር ነው።