ሶሌታው ከላይ ይጠጣ ወይስ ከውስጥ?

በመጋቢት ፀሐይ ባሕር ዳር ላይ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል ወይም ጣሪያ) የሞላ ሰው ጭንቀቱን ያውቀዋል። ጣና አጠገባችን ሆኖ እንኳ ጠዋት የጠጣው ኮንክሪት እኩለ ቀን ላይ ደርቆ ይገኛል። ከላይ ጆንያ አልብሶ ማጠጣት ይሻላል ወይስ ከውስጥ ውሃ የጠገበ ቀላል ጠጠር ኮንክሪቱ ውስጥ መቀላቀል?

ወጪ፦ ጆንያው ርካሽ ነው፤ ግን ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃና ሰው ይፈልጋል። ጠጠሩ ማጓጓዣ አለው።

አሠራር፦ የከላዩን ማንም ይችለዋል። ለውስጡ ደቃቅ ፑሚስ ወይም ስኮሪያ (ቀዳዳ የበዛባቸው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች) ቢያንስ 24 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ከዚያ የአሸዋውን ከፊል ይተካል። ለ100 ኪሎ ሲሚንቶ 7 ሊትር ያህል ውሃ እንዲይዝ ይሰላል። ኮንክሪቱ እየጠነከረ ሲሄድ ጠጠሩ ውሃውን ቀስ እያለ ይለቅለታል። ከላይ የፈሰሰ ውሃ ጥቅጥቅ ያለ ኮንክሪት ውስጥ ጠልቆ አይገባም፤ ይሄኛው ግን እዚያው ነው።

ስጋት፦ ጠጠሩ ደረቅ ከገባ የድብልቁን ውሃ ራሱ ይጠጣዋል። ከበዛም ጥንካሬ ይቀንሳል። በጆንያው በኩል ደግሞ እሑድ የሚያጠጣ ሰው ይጠፋል። በዚህ ምክንያት የተሰነጠቀ ሶሌታ አይቻለሁ፤ ያንገበግባል።

ለተራ መኖሪያ ቤት ጆንያውን እመርጣለሁ። የውሃና የሲሚንቶ ጥምርታው (የውሃው ክብደት ለሲሚንቶው ክብደት ሲካፈል) ከ0.42 በታች ለሆነ ድልድይ ወይም ሰፊ ወለል ግን የውስጡ ያዋጣል። ያኔም ፊቱን ሸፍኑት።