ከሰባቱ አንዱን «ቁረጡት» ያሉን ሰዎች

ሥራዬ የቧንቧ ብየዳ መፈተሽ ነው። መስመሩ ተበይዶ አልቆ፣ ቦዩ ሳይደፈን የኤክስሬይ ፊልሞቹን ደግመን ስናይ ሰባት መጋጠሚያዎች ከደረጃ በታች ሆነው ተገኙ። ሁሉንም ቆርጦ እንደገና መበየድ ይቻላል። ግን እሱም ጣጣ አለው፤ ተጨናንቆ የተበየደው አዲሱ ከአሮጌው ሊብስ ይችላል። ስለዚህ «እንዳለ ቢቀመጥ ሥራውን ይችላል ወይ?» የሚለውን በስሌት የሚመልስ ቡድን አስመጣን።

መጀመሪያ የወደድኩላቸው ጥያቄያቸውን ነው። አንዱ ፊልም ላይ፣ ከታችኛው የብየዳ ዙር ጠርዝ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ይታያል። ብየዳው ከብረቱ ጋር አልተዋሃደም ማለት ነው። ርዝመቱ 31 ሚሊሜትር ነው፤ የቧንቧ ብየዳ ደረጃ የሆነው ኤፒአይ 1104 ደግሞ ከ25 በላይ አይቀበልም። እነሱ ግን «ርዝመቱን አየን፤ ጥልቀቱስ?» አሉ። እውነታቸውን ነው! ፊልም ጉድለቱ ወደ ውፍረቱ ምን ያህል እንደዘለቀ አይናገርም። ለቧንቧው አደገኛው ደግሞ እሱ ነው። በአልትራሳውንድ አስለኩን። ከ12.7 ሚሊሜትር ውፍረት 2.1 ሆነ። ለመለኪያው ስህተት ብለው 1 ሚሊሜትር ጨመሩበት።

አንዱ መጋጠሚያ ላይ ግን የለየለት ስንጥቅ ነበር። እሱን ለማስላት እንቢ አሉ። «ለምን እንደተሰነጠቀ ሳናውቅ፣ ነገ አይቀጥልም ብለን አንፈርምም።» ቆረጥነው። እነሱም አልጣሉትም፤ ከዚያው ብየዳ ናሙና አውጥተው፣ መስመሩ በሚያገኘው ዝቅተኛ ሙቀት ስንጥቅን ምን ያህል እንደሚቋቋም ፈተኑት። ከመጽሐፍ ቁጥር አንስቶ ከመገመት ይህ በስንት ጣዕሙ!

ከዚያ ጉድለት ያለበት ብረት ጭነቱን ይችል እንደሆነ የሚሰላበት የእንግሊዝ ደረጃ፣ የቢኤስ 7910፣ ሥዕል መጣ። አንዱ ዘንግ ብረቱ በድንገት ለመሰንጠቅ፣ ሌላው በጭነት ብዛት ለመለጠጥ ምን ያህል እንደቀረበ ያሳያል። የጉድለቱ ነጥብ ወሰኑን ከሚያሳየው ጠማማ መስመር ውስጥ ካረፈ ያልፋል። ብየዳው ሲቀዘቅዝ ውስጡ የሚቀረውን ውጥረት ብረቱ መለጠጥ እስከሚጀምርበት ድረስ አድርገው ያዙት። ፓምፑ ስንቴ እንደሚነሳና እንደሚቆምም ጠየቁ፤ ግፊቱ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ጉድለቱ ሊያድግ ይችላልና። ስድስቱም አለፉ።

«ደረጃውን የማያሟላ ነገር በሒሳብ ማሳለፍ ነው» የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ። ስጋታቸው ይገባኛል። ግን ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የአላስካ ነዳጅ ቧንቧ ብየዳዎች ጥያቄ ሲነሳባቸው የአሜሪካ መንግሥት የመለኪያ ተቋም በዚሁ መንገድ መርምሯቸዋል። የ25 ሚሊሜትሩ ገደብ በመጀመሪያ የሚነግረን በያጁ ጥሩ መሥራቱን ነው።

ቅር ያሰኘኝ ሪፖርታቸው ነው። አንዷ መጋጠሚያ ለጠማማው መስመር በጣም ቀርባለች፤ ይህ የተጻፈው ግን ገጽ 43 ላይ ነው። መጀመሪያው ገጽ ላይ መሆን ነበረበት። መቼ ተመልሳ መለካት እንዳለባትም ሁለት ጊዜ ጠይቄ ነው የነገሩኝ፦ መስመሩ ሥራ ከጀመረ በሁለተኛው ዓመት።

ቦዩ ሲደፈን እሷ ጋ ምልክት አስተክያለሁ።