እንቢ ያለውን የክራንክ ቡሎን ለፈታልን መካኒክ ምስጋና (ዶልፊን ላላችሁም ጥቆማ)

ዶልፊን ሚኒባስ ያላችሁ፣ በተለይ 5ኤል ሞተር የተገጠመላት፣ ይህችን ጽሁፍ ታገሡና አንብቧት። ረዘም ትላለች፤ ግን ታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን ክፍሎች አንድ ላይ የሚያዞረውን ባለ ጥርስ የጎማ ቀበቶ) የምታስቀይሩበት ቀን ሲመጣ ትጠቅማችኋለች።

ምስጋናው ሳሪስ አካባቢ ለሚሰራ አንድ መካኒክ ነው። ስሙንና ስልኩን አደባባይ እንዳላወጣበት አደራ ብሎኛል፤ «ሰው እየተንጋጋ ይመጣና የያዝኩትን ስራ ያስፈታኛል» ነው ያለኝ። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። እዚህ ጽሁፍ ላይ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ የሚጠራውም እንደዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናችንን የገዛናት ከሰው እጅ ነው፤ ቺንጋዋ መቼ እንደተቀየረ የሚናገር አንዲት ወረቀት የላትም። የኪሎሜትር ቆጣሪ ማመን ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ። ቶዮታ እንዲህ ባሉ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎሜትሩ ይቀየር ነው የሚለው። 5ኤል 2,986 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው፤ ያው አንዱ ቺንጋ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ ካምሻፍቱንም፣ የናፍጣ ፖምፓውንም ያዞራል። መኪናዋ እየሄደች ከተበጠሰ ካምሻፍቱ ይቆምና የተከፈተው ቫልቭ እንደተከፈተ ይቀራል፤ ፒስተኑ ግን መውጣቱን አይተውም፣ ይጋጫሉ። ከዚያ ወዲያ ወሬው የቺንጋ መሆኑ ቀርቶ የቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይሆናል። ስለዚህ ሳይመጣብን እንቀይረው አልን።

ሹፌራችን መጀመሪያ የወሰዳት ሌላ ጋራዥ ነበር። የትኛው እንደሆነ ይቅር፣ ሰው ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ራዲያተሩ ወረደ፣ ቬንትሌተሩ ወጣ፣ የዲናሞው ቺንጋ ተፈታ፤ እስከዚህ ድረስ ሰላም ነበር። የክራንክ ፑሌጃውን፣ ማለትም ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ (ክራንክ) ጫፍ ላይ ያለውን መዘውር፣ የያዘው ትልቁ ቡሎን ላይ ሲደርሱ ስራው ቆመ። እሱ ካልተፈታ ፑሌጃው አይወጣም፣ ፑሌጃው ካልወጣ የታችኛው ሽፋን አይነሳም፣ ሽፋኑ ካልተነሳ ቺንጋው አይነካም።

አምስተኛ ማርሽ አስገቡና ሹፌሩን ፍሬን አስረገጡት፤ ሁለት ጎረምሶች የመፍቻው እጀታ ላይ በተሰካ ቱቦ ላይ ተንጠለጠሉ። መኪናዋ ወደፊት ወደኋላ ትወዛወዛለች፣ ቡሎኑ ወይ ፍንክች። ቀጥለው ኢምፓክት (እየመታ የሚፈታ ማሽን) አመጡ። ቡሎኑ ራስ ላይ የሚጠልቀው ቡሶላ ባለ አስራ ሁለት ጥርስ፣ ያረጀና የሚላወስ ስለነበር የቡሎኑን ጠርዝ ይበላው ጀመር። በመጨረሻ «በኦክሲጅን እናሙቀው፣ ካልሆነም በግራይንደር ይቆረጣል» ሲሉ ሰማሁ። በቃ አልኩ። ራዲያተሯ እንደወረደ በጎታች መኪና አስወጣኋት። ጎረቤታችን፣ እሱም የታክሲ ባለንብረት ነው፣ ወደ ጋሼ የመራን ያን ጊዜ ነው።

ጋሼ መኪናዋ ስር ገባና ለረጅም ጊዜ ምንም ሳይነካ ተኛ። ከዚያ ጨርቅ በቤንዚን ነክሮ የቡሎኑን ራስ ጠራረገው፤ ጠርዞቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው። ሲወጣ የመጀመሪያ ጥያቄው «እሳት አሳይተውታል?» የሚል ነበር። አላሳዩትም፣ አስቁሜያቸዋለሁ አልኩት።

«ደግ አደረግሽ። ከኋላው ዘይት እንዳይፈስ የሚይዝ የጎማ ፓራኦሊዮ አለ፣ ይቀቀል ነበር። ፑሌጃው መሀሉ ላይ ጎማ ያለበት ዓይነት ከሆነ ደግሞ እሱም ይሄዳል።»

ሹፌራችን ትዕግስቱ አልቆ ነበርና «ጋሼ፣ ለምን ቆርጠነው አንገላገልም?» አለው። «መቁረጡን አንተም ትቆርጠዋለህ» አለው። «ክራንኩ ውስጥ የሚቀረውን ግማሽ ግን ማን ያወጣልሃል?»

ቀጥሎ የነገረን ነገር ነው ይህን ጽሁፍ ያስጻፈኝ። ሁላችንም ቡሎኑ ነው የጠነከረው ብለን ነበር የምናስበው። እሱ ግን ችግሩ ቡሎኑ አይደለም፣ ሞተሩ እየሸሻችሁ ነው አለን። ማርሽ አስገብተህ ፍሬን ስትይዝ ቱቦው ላይ የምታሳርፈው ጉልበት በፍሪሲዮኑ፣ በካምቢዮው፣ በትራስሚሽን ዘንጉ፣ በባሌስትራውና በጎማው ላይ ይበተናል። እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ይለጠጣል፣ ትንሽ ትንሽ ይሰጣል፤ ለቡሎኑ የሚደርሰው ከገበታ የተረፈ ፍርፋሪ ነው። ስለዚህ ጉልበት ከመጨመር በፊት ክራንኩን እዚያው ፑሌጃው ላይ መያዝ ያስፈልጋል።

አያያዙን ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ለማንም ጋራዥ ልትነግሩት ትችላላችሁ። የፑሌጃው ፊት ላይ ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ ፑሌጃውን ስቦ ለማውጣት የሚያገለግሉ ናቸው። ጋሼ ፑሌጃውን ግራሶ ቀባና ካርቶን ለጠፈበት፣ በመዳፉም ጫን ጫን አደረገው። ካርቶኑ ሲላቀቅ የሁለቱ ቀዳዳዎችና የቡሎኑ ራስ ቅርጽ ታትሞበት ወጣ። ያንን ልክ ይዞ ከምናለሽ ተራ የተገዛ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ላይ በኖራ ምልክት አደረገ። የሚሰራለት ልጅ ጎንና ጎኑን ሁለት ቀዳዳ በሳ፤ መሀሉን ደግሞ ቡሶላ እንዲያሳልፍ አድርጎ በሰፊው ከፈተው። ብረቱ በሁለት ቡሎን ፑሌጃው ላይ ታሰረ። ቡሎኖቹን ሲመርጥ ራሳቸው ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት እስኪያገኝ ድረስ ጣሳውን ሙሉ ገለባበጠ፤ ደካማ ቡሎን እዚህ ቦታ ላይ ይቀነጠስና ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሞተሩ ከፊት ሲታይ በሰዓት አቅጣጫ ስለሚዞር ቡሎኑ የሚፈታው በተቃራኒው ነው፤ የብረቱም ጫፍ በዚያው በኩል ሻሲው ላይ እንዲደገፍ ተደረገ፣ መሀላቸው ጣውላ ገብቶ። ከዚህ በኋላ ክራንኩ የሚሸሽበት ቦታ የለውም። ካምቢዮም፣ ፍሬንም፣ ሹፌርም አያስፈልግም።

ቡሶላው ባለ ስድስት ጠርዝ፣ በሶስት አራተኛ ኢንች እጀታ የሚሰራ ነበር። ጠርዙ ስለተበላ እየመታ አስገባው። ከዚያ በፊት የቡሎኑን ራስ በወፍራም ብረትና በመዶሻ ቀጥ አድርጎ ደጋግሞ መታው፤ ዝገቱን የሚሰብረው ይሄ ነው ይላል። ደብሊው ዲ 40ም ነፋበት፣ ነገር ግን እየሳቀ «ይሄ ለህሊናዬ ነው» አለ። የቡሎኑ ራስ ፑሌጃው ላይ እንዲያ ተጨምቆ ተቀምጦ ዘይቱ በየት በኩል ወደ ጥርሱ ይገባል?

ሹፌራችን እዚህ ላይ የሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ዘዴ አነሳ። የምታውቁት ታውቁታላችሁ፦ እጀታውን ሻሲ ላይ አስደግፎ ቁልፍ መምታት፣ ሞተሪኖው ራሱ እንዲፈታው። አቅጣጫው ስለሚገጥም ይሰራል፣ ብዙ ሰውም ይሰራዋል። ጋሼ ግን ባትሪውን መጀመሪያውኑ አንስቶት ነበር። «በሞተሪኖ የፈታ ሰው አይቻለሁ። ጣቱ የጎደለም አይቻለሁ» ብሎ ወሬውን ዘጋው።

መጨረሻ ላይ ቱቦው መጣ፣ አንድ ሜትር ተኩል ይሆናል። ማራዘሚያው እንዳይዘምም ስሩ ካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ገባለት። እኛን ከቱቦው መንገድ ላይ ዞር አደረገን። ልጁ ሊነጥቀው ሲል «አትንጠቅ! ተጫን፣ ዝም ብለህ ክብደትህን ስጠው» አለው። እዚህ ላይ ሂሳቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ሜትር ተኩል ቱቦ ጫፍ ላይ 40 ኪሎ ብታሳርፉ ቡሎኑ ጋ 60 ኪሎግራም ሜትር፣ ወደ 590 ኒውተን ሜትር ገደማ ይደርሳል። የሚበተንበት ቦታ ከሌለ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ልጁ ቀስ እያለ ተኛበት። ቱቦው ትንሽ ጎበጥ አለ። ከዚያ ጧ!

እኔ ተሰበረ ብዬ ራሴን ያዝኩ። ጋሼ እጁን ዘርግቶ ቱቦውን በሁለት ጣት ገፋ ሲያደርገው ያለ ምንም ችግር ዞረ። «ተፈታ። አሁን ሻይ ይምጣ» አለ።

የቀረው ስራ የተለመደው ስለሆነ አላሰለቻችሁም። ቺንጋው ሲወጣ የጥርሶቹ ስር ተሰነጣጥቆ ነበር፤ የፊተኛው ፓራኦሊዮ ሲያፈስ ኖሮ ግማሽ ጎኑን ዘይት አጠግቦታል። ዘይት የጠጣ ቺንጋ ደግሞ ኪሎሜትሩን አይጠብቅም። ፓራኦሊዮውና የመወጠሪያው ኩሽኔታ አብረው ተቀየሩ። ዕቃውን ራሴ እንድገዛ ነው የላከኝ፣ በወረቀት ጽፎ ሰጥቶ። ሶማሌ ተራ ሄጄ ያገለገለ ልግዛ ወይ ስለው «ቺንጋና ኩሽኔታ አሮጌ አይገዛም» አለኝ። ጠርዙ በተበላው ቡሎን ፋንታ ግን እዚያው ሶማሌ ተራ የተገኘ ያገለገለ የፋብሪካ ቡሎን ተቀበለኝ፤ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ፣ በእጁ እስከ መጨረሻው አስገብቶ ካየው በኋላ።

ሲያስር ያሳየው ጥንቃቄ ሲፈታ ከነበረው አይተናነስም። ከጓደኛው ቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ መፍቻ) ተውሶ ነው ያሰረው። ቡሎኑ ከላላ ፑሌጃው መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ከዚያ ፑሌጃውን ከክራንኩ ጋር የምታያይዘው ትንሿ ብረት መቀመጫዋን እየበላች ትሄድና ክራንኩ ይበላሻል። ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ፣ በራሱ አነጋገር፣ «የሚቀጥለው ሰው ይረግመኛል»። ቺንጋው ከገባ በኋላ ሞተሩን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ የካምሻፍቱ፣ የፖምፓውና የክራንኩ ምልክቶች ቦታቸው ላይ መመለሳቸውን አየ፣ እኔንም ጠርቶ አሳየኝ። ሽፋኑ ላይ ቀኑንና ኪሎሜትሩን በነጭ ቀለም ጻፈበት። አሮጌዎቹን ዕቃዎች በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ፤ ይህን የሚያደርግ መካኒክ ስንት እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

የእጅ ዋጋውም ከተስማማነው ሳንቲም አልጨመረም። ያንን ብረት ለመስራት ግማሽ ቀን ስለጠፋ ልጨምርልህ ብለው «ብረቱ እኮ ለእኔ ነው የቀረው፣ ነገ ሌላ ዶልፊን ትመጣለች» አለኝ። እውነትም አሁን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልህ ሰው ካለ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅህ ይባረክ። ብረት ስትበሳ ለዋልከው ልጅም እንደዚሁ።

ወደ እሱ ለምትሄዱ አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በኋላ እንዳትወቅሱኝ። ቀጠሮ ላይ ደካማ ነው፤ ጠዋት ና ካላችሁ ከሰዓት በሉት። የቀን ገቢ የምትጠብቁ ሰዎች ይህን አስቡበት፣ እኛንም ጎድቶናል። አይቸኩልም፣ ሲያቻኩሉትም አይወድም፤ አናቱ ላይ ቆማችሁ «ምን ደረሰ» የምትሉ ከሆነ መፍቻውን አስቀምጦ ወሬ ይጀምራል። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ከሁለት መኪና በላይ አያስገባም፤ ሳትደውሉ እንዳትሄዱ። የሚሰራው የቆዩትን የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ነው፣ 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤል። በኮምፒውተር ምርመራ የሚፈልጉትን አዳዲሶቹን አይነካም፤ ይህንን ራሱ በግልጽ ይነግራችኋል። የኤሌክትሪክ ችግር ያለባችሁም ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔም የዳሽቦርዴን መብራት የሚያስተካክል ገና እየፈለግኩ ነው፣ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ።