ማጂክ ኪንግደም ውስጥ ቁመት ለምትለካው እህት ምስጋና

ይህ ምስጋና ኦርላንዶ አጠገብ ባለው ዲዝኒ ወርልድ፣ ማጂክ ኪንግደም በሚባለው የመዝናኛ ፓርክ ውስጥ ሰቨን ድዋርፍስ ማይን ትሬን የሚባለው ባቡር መግቢያ ላይ የቁመት መለኪያ ይዛ ለምትቆመው እህት ነው። እግዚአብሔር ይስጥልን! ትናንሽ ልጆች ይዛችሁ ወደ ፍሎሪዳ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ እስከ ታች አንብቡት።

አስቀድሞ ምሬቱ ይውጣ። ሌላ ፓርክ (ስሙ ይቅር) መለኪያውን ያስቀመጠው የወረፋው መጨረሻ ላይ ነው። ሃምሳ ደቂቃ ፀሐይ ላይ ተቁሞ፣ መሳፈሪያው ጋ ሲደረስ «ቁመቷ አይሞላም» ይባላል። ትንሿ እያለቀሰች፣ ትልቁ እያኮረፈ፣ ቤተሰቡ በሙሉ በመጣበት ይመለሳል። ዳይፐር የት ይቀየራል ሲባል መልሱ «እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ» ነው። የጡጦ ወተት ማሞቂያማ ጨርሶ የለም። ያ ሁሉ ገንዘብ ተከፍሎ!

እዚህ ግን ልኬቱ ገና ከመግቢያው ነው። ለማይን ትሬን 97 ሳንቲ ሜትር ያስፈልጋል፤ ልጅቷ አንዲት ጣት ጎደለች። ሠራተኛዋ እንደ ዳኛ ቆማ «አይቻልም» አላለችም። ተንበርክካ ዓይን ዓይኗን እያየች፣ ባርንስቶርመር የሚባለው ሌላው ባቡር 89 ብቻ እንደሚጠይቅ፣ እሷም ለዚያ እንደምትበቃ ነገረቻትና መንገዱን በእጇ አሳየቻት። ልቅሶው ወዴት እንደገባ! ከዚያም ሳትጠየቅ ወደ ወላጆቹ ዞራ ራይደር ስዊችን አስረዳች።

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ነፃ ነው። አንዱ ወላጅ ትንሿን ይዞ ውጭ ይቀራል፣ ሌላው ትልቁን ይዞ ተሰልፎ ይሳፈራል። ሲመለሱ ተራ ይቀያየራሉ፤ ውጭ የቆየው ወላጅ ዋናውን ወረፋ እንደገና ሳይሰለፍ በላይትኒንግ ሌን፣ ማለትም ተጨማሪ የከፈሉ ሰዎች በሚገቡበት አጭር መስመር ያልፋል። ትልቁ ልጅም አብሮት ድጋሚ ሊሳፈር ይችላል፣ እሱ ታዲያ ከሁሉም በላይ ተጠቃሚ ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው ተሰልፎ ካለቀ በኋላ ሲጠየቅ ነው። ወረፋው ውስጥ ሳትገቡ፣ ሁላችሁም ትንሿን ጨምሮ መግቢያው ላይ ቆማችሁ ጠይቁ፤ ሠራተኛዋ ትኬታችሁ ላይ ትመዘግበዋለች። ከመግቢያው በፊት!

ልጆቹን እቤት ለኩ፤ እዚያ ሄዶ ከማልቀስ ይሻላል። ስፔስ ማውንቴን የሚባለው ፈጣን ባቡር 112 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃል፣ ደምቦ የሚባለው የሚዞር የዝሆን መጫወቻ ግን ቁመት አይጠይቅም። ጫማ ውስጥ ሶፍት የምትጠቀጥቁ ደግሞ ተዉ፤ ቁመቱ የተወሰነው ጭን ላይ የሚወርደው ብረት ልጁን አጥብቆ እንዲይዝ ነው።

ሁለተኛው ምስጋና ለቤቢ ኬር ሴንተር፣ ማለትም ለሕፃናት መንከባከቢያው ቤት እህቶች። ከፓርኩ መግቢያ ከሚነሳው ሜይን ስትሪት ከሚባለው መንገድ መጨረሻ በስተግራ፣ ክሪስታል ፓላስ ከሚባለው ምግብ ቤት አጠገብ ነው። ጡት ማጥቢያ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ዳይፐር መቀየሪያ ጠረጴዛ፣ የሕፃን ከፍ ያለ ወንበር፣ ማይክሮዌቭ አለው። ዳይፐርና የዱቄት ወተት ካለቀባችሁ እዚያው ይሸጣል። ቀዝቃዛ አየር ስላለው እኩለ ቀን ላይ ሕፃን ለማስተኛትም ይሆናል። ግቡ፣ አትፈሩ፣ ማንም አይገላምጣችሁም።

ምግብ ይዞ መግባት ይፈቀዳል፣ በተለይ በጾም ወቅት ትልቅ እፎይታ ነው። ቆሎውም ዳቦውም ያልፋል። የማያልፈው የብርጭቆ ዕቃ (የሕፃን ምግብ ብልቃጥ ሲቀር) እና የተበተነ በረዶ ነው፤ የሚቀዘቅዝ የፕላስቲክ ከረጢት ያዙ። ውሃ አትግዙ፣ ቆማችሁ የምታዝዙባቸው ምግብ ቤቶች በረዶ ያለው ውሃ በነፃ ይሰጣሉ።

የልጅ ጋሪ ከ79 በ132 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ የሚጎተተው ዓይነት ጭራሽ አይገባም። ያቆማችሁበት ቦታ ካጣችሁት አትደንግጡ፣ ሠራተኞች ለማስተካከል ያንቀሳቅሱታል፤ እጀታው ላይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩ። ዕድሜ ከ3 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ትኬት አይከፈልበትም።

በክረምታቸው፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ የተለመደ ነው። መብረቅ ሲቃረብ ማይን ትሬንም ባርንስቶርመርም ደምቦም ይቆማሉ፣ ስለዚህ የውጭዎቹን ጠዋት ጨርሱ።

እዚያ የሚሠሩ ሁሉ ደረታቸው ላይ ስማቸውና የመጡበት ቦታ ተጽፏል። ደግ ሠራተኛ ሲያጋጥማችሁ ስሟን አንብባችሁ በፓርኩ የስልክ መተግበሪያ ላይ ምስጋና ጻፉላት፤ ሁለት ደቂቃም አይፈጅም። ለቁመት ለኪዋ እህት ተጽፎላታል።