ሊሸጥልኝ እምቢ ያለኝን ባለሙያ ላመስግነው

ይህን ጽሁፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ሰው ስለ ጸጉሩ መርገፍ አደባባይ ወጥቶ ያወራል እንዴ እያልኩ። አሁን ግን ካልተናገርኩ ያንቀኛል። ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሠራ ፋርማሲስት አለ። ወጣት ነው፣ የመንዝ ልጅ ነው፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ስሜን አይጻፉ ስላለኝ አልጽፍም። እኔን ከጭንቀት ያወጣኝ እሱ ነው፤ እግዜር ውለታውን ይክፈለው።

ነገሩ የጀመረው ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ነው። ሚዶ በነካው ቁጥር እፍኝ እፍኝ ይወጣል። እናቴ "የአራስ ጸጉር ነው፣ ይመለሳል" አለችኝ። ለብዙ ሴት እውነቷን ነው። በኋላ እንደነገሩኝ ከወሊድ በኋላ ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ መርገፍ ይጀምርና ልጁ ዓመት እስኪሞላው አብዛኛው ይመለሳል። የኔ ልጅ ዳቦውን ቆረሰ፣ ሻማውን አጠፋ፣ ጸጉሬ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ጭራሽ በግንባሬ ግራና ቀኝ ባዶ ቆዳ መታየት ጀመረ።

ደግነቱ የከተማችን ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ሻሽ ጠምጥመሽ ነጠላ ብትደርቢበት ማን ምን ይልሻል? ሸዋ ሮቢት ብኖር ኖሮ ጉዴ ፈልቶ ነበር። ቤት ውስጥም ሻሼን ማውለቅ ተውኩ። ባለቤቴ አንድ ቀን "ራስሽን ያምሻል እንዴ?" አለኝ። አዎ አልኩት። ምን ልበለው?

አሁን ወደ መራራው ልምጣ። ለመታከም የሄድኩባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም፣ ጠብ አልፈልግም። የመጀመሪያው ቦታ ያየኝ ሰው ሻሼን እንኳ ሙሉ በሙሉ ሳላወልቅ "ሹሩባ አታብዢ" ብሎ የቫይታሚን ካርቶን ጽፎ ሰጠኝ። ያው ቫይታሚን እዚያው በር ላይ ነው የሚሸጠው። ከዚያ ሰው ያወራላትን ቅባት ሻጭ በስልክ አገኘኋት። በውሃ ላስቲክ የተሞላ ጥቁር ቅባት ላከችልኝ፤ ጥቁር አዝሙድ ይሸታል፣ ነጭ ጋዝም ይሸታል። ራሴን አቃጥሎኝ ስደውልላት "እየሠራ ነው ማለት ነው" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስልክ አታነሳም።

ሦስተኛው ግን የባሰው ነው። አዲስ አበባ ድረስ ሄድኩ። በዚህ የመንገድ ነገር፣ ልጅ ለእናቴ ትቼ። ግድግዳው ሁሉ "በፊት" እና "በኋላ" በሚል ፎቶ የተሞላ ቦታ ነው። እንግዳ ተቀባይዋ ከሰው ሁሉ ፊት ጮክ ብላ "የጸጉር ነሽ?" አለችኝና ወንበር ላይ የነበረው ሰው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ውስጥ ገብቼ መርፌ ራሴን ወጉኝ፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ የነገረኝም የለም። የደመወዜን ግማሽ ወሰዱ። ስወጣ በመቀስ የተቆረጠ የኪኒን ቅጠል ወረቀት ውስጥ ጠቅልለው ሰጡኝ። ካርቶን የለው፣ ማብራሪያ የለው። "በቀን አንድ" ብቻ። ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ፣ ጡት ታጠቢያለሽ ወይ፣ ሌላ መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። አንድም!

እንግዲህ ተስፋ ቆርጬ ባለሁበት የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ወንድሟ የሚቀባውን ነገረችኝ። ሚኖክሲዲል ይባላል፣ ባለ 5 ፐርሰንቱን ግዢ አለችኝ። እኔም ወረቀት ላይ ጽፌ ጠባሴ ወደዚያ መድኃኒት ቤት ገባሁ። ልጁ ወረቀቱን አየና፣

"ለማን ነው?" አለኝ።

"ለኔ።"

"ጡት ያጠባሉ?"

ደነገጥኩ። ራሴን ልታከም መጥቼ ስለ ጡት ምን አገባው ብዬ። ግን አዎ አልኩት። ያኔም አጠባ ነበር።

"እንግዲያው አልሸጥልዎትም" አለኝ።

እቃው መደርደሪያው ላይ ነው፣ ከጀርባው ይታየኛል። ገንዘቡ እጄ ላይ ነው። እሱ ግን እምቢ። የሚያጠባ ሰው እንዳይጠቀመው ይመከራል አለኝ። ከዚያ በፊት የጎደለው ደም ይሁን ሌላ ነገር መታወቅ አለበት አለ። በአንቱታ ነው የሚያወራኝ፣ ገና ሠላሳዎቹ ውስጥ ነኝ ብለው እንኳ አልተወም።

ከዚያ ያደረገውን ነው የማልረሳው። "ባየው ደስ ይለኝ ነበር፣ እዚህ ግን አይሆንም" አለና ገንዘብ ተቀባይዋን ልጅ ጠራት። ከኋላ መጋረጃ ያላት ትንሽ ክፍል አለች። ብቻዬን ከወንድ ጋር እንዳልገባ ነው የጠራት፤ እሷም ገብታ አጠገቤ ቆመች። ወንበሩን ፊቴ ወደ ግድግዳው እንዲሆን አዞረው። "እሷ ታውልቅልዎት" አለ። ልጅቷ ሻሼን ቀስ ብላ ፈትታ እጥፍጥፍ አድርጋ ክንዷ ላይ አኖረችው፣ እንደ ታቦት ልብስ። እሱ በእጅ ባትሪ አየና ምንም አላለም። አልደነገጠም፣ ከንፈሩን አልመጠጠም። እኔ አለቀስኩ። ከዚያ ከመርፌው ቀን በቀር፣ ከወለድኩ ወዲህ ራሴን ገልጬ ሰው ፊት ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው። ልጅቷ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ሁለቱንም እግዜር ያክብራቸው።

ከዚያ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን የአዲስ አበባውን ኪኒን አሳየሁት። የቅጠሉ ጀርባ ላይ ከስሙ ግማሹ ቀርቷል። አነበበና ፊቱ ተለወጠ። ፊናስተራይድ የሚባል የወንዶች መድኃኒት ነው አለኝ። በ1 ሚሊግራም ለወንዶች ጸጉር፣ በ5 ሚሊግራም ደግሞ ለሽማግሌ ወንዶች የፕሮስቴት እብጠት የሚሰጥ። ነፍሰ ጡር ሴት የተሰበረውን ኪኒን በእጇ እንኳ እንድትነካ አይፈቀድም፣ ሆዷ ውስጥ ወንድ ልጅ ካለ ይጎዳዋል አለ። እኔ በስንት ገንዘብ ገዝቼ የመጣሁት ያንን ነው! እግዜር ሲጠብቀኝ ገና አልጀመርኩትም ነበር።

ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፎ መጀመሪያ ወደ ደም ምርመራ፣ ከዚያ ወደ ቆዳ ሐኪም ላከኝ። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አልተቀበለኝም። ምን ሸጦልኝ? የደም ማነስ ተገኘብኝ። የእንቅርቱም ታየ፣ ደህና ነው። የአይረን ኪኒን ታዘዘልኝና ከሱው ገዛሁ። ሲሰጠኝ "ቡና ይወዳሉ?" አለኝ። የሸዋ ሴት ቡና ትወጃለሽ ወይ ተብላ ትጠየቃለች? ቡናና ሻይ አይረኑን ሰውነት እንዳይወስደው ያግዱታል፣ ከቡናው በፊትም በኋላም ራቅ አድርገው ይዋጡት፣ ከብርቱካን ጋር ቢሆን ደግሞ ይሻላል አለ። ምስሩ ላይም ሎሚ ጨመቅ አድርጊበት ተብዬ ይኸው እስከ ዛሬ እጨምቃለሁ።

እናቴ ደግሞ ጻድቃኔ ማርያም ወስዳኝ ነበር። ይህን ሲሰማ ይስቅብኛል ብዬ ፈራሁ። "ጸበልዎንም ይጠመቁ፣ ኪኒንዎንም ይዋጡ" አለኝ። በቃ። እናቴ ይህን ስነግራት ሳታየው ወደደችው።

የቆዳ ሐኪሟ የግንባሬን ዳር ያሳሳው ጥብቅ ያለ ሹሩባ እንደሆነ ነገረችኝ። እንዳይጎተት ላላ አድርጌ እንድሠራ፣ ሂውማን ሄር የሚባለውንም ለጊዜው እንድተወው። መሀሉ ላይ የሳሳው ግን ሌላ ነው አለች፤ ስሙን ነግራኛለች፣ አልያዝኩትም። ልጄ ጡት ሲተው ሚኖክሲዲሉን ራሷ ጻፈችልኝ፣ ባለ 2 ፐርሰንቱን። ይዤ ወደ ፋርማሲስቱ ተመለስኩ። አሁን ሸጠልኝ። ግን መጀመሪያ ምን ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው?

"ቤት ውስጥ ድመት አለ?"

እኔና ገንዘብ ተቀባይዋ በሳቅ ሞትን። እሱ አልሳቀም። ይህ ፈሳሽ ለድመት መርዝ ነው፤ ከእጅ ወይ ከትራስ ላይ ትንሽ ብትልስ ልትሞት ትችላለች አለ። ድመት አለችን! ማታ ማታ ትራሴ ላይ ነው የምትተኛው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኝታ ቤት አትገባም፣ እኔም ተቀብቼ እጄን እታጠባለሁ፣ ሳይደርቅ አልተኛም። ግንባር ላይ ከወረደም ይጠረግ፣ ያለቦታው ጸጉር ያበቅላል አለኝ። ሲጀመር የደም ግፊት ኪኒን ነበር አሉ፤ በሽተኞቹ ሰውነታቸው ጸጉር ሲያበቅል ነው ለራስ የዋለው።

ደግሞ አስጠነቀቀኝ። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ጭራሽ ይብስብዎታል፣ አሮጌው ሲለቅ ነው፣ እንዳይደነግጡ አለኝ። ጸጉር በወር 1 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ነው፣ ከ4 ወር በፊት መስታወት አይመርምሩ አለ። ካቆሙትም የመጣው ተመልሶ ይሄዳል። እውነትም ባሰብኝ። ማታ ደወልኩለት፣ እያለቀስኩ። አነሳ። "ነግሬዎት የለም?" አለኝ፣ ሳይቆጣ። ይህችን አንዲት ቃል አስቀድሞ ባይነግረኝ ጠርሙሱን ወርውሬው ነበር።

አሁን እንዴት ነሽ ትሉኝ እንደሆነ፣ እንደ ልጅነቴ አልሆነም። አይሆንም ብሎኛልም። ግን መሀሉ ሞልቷል፣ ዳር ዳሩ ላይ ቡቃያ የመሰለ ጸጉር ወጥቷል። ለፋሲካ ሻሽ ሳልጠመጥም ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ ነጠላዬን ብቻ። ባለቤቴ አሁን ነገሩን ሁሉ ያውቃል። "ያን ጊዜ ራስ ምታት ያልሽው ይሄ ነው?" ብሎ ስንት ቀን ሳቀብኝ።

ታናሽ ወንድሜንም ላክሁት፣ ፊት ለፊቱ እየተመለጠ ነበር። የአጎቴን ልጅም፣ ላሽ የበላትን። እሷን አንድ ቅባት እንኳ ሳይሸጥላት በቀጥታ ሐኪም ዘንድ ነው የላካት። ይህን ነው የምላችሁ! ከመሸጡ በፊት የሚጠይቅ ሰው ነው። እባካችሁ ጸጉራችሁ የሚረግፍ የሰሜን ሸዋ ልጆች፣ ከደብረ ሲናም ከመሐል ሜዳም ከደነባም ያላችሁ፣ በስልክ ቅባት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ልጅ አናግሩት። እባካችሁ። አዲስ አበባ ድረስ ገንዘባችሁን አትበትኑ።

አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። እሁድ አይገባም። ምሳ ሰዓት ላይ ሰው ይበዛበታል፣ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ፣ በቅጠሉ ብቻ ቢሆንም። ድመት ካላችሁም ንገሩት።