ማጅራቴን አይታ ያወቀችልኝ ዶክተር፣ ፒሲኦኤስ (ፔሬድ የሚያዛባ የሆርሞንና የኦቫሪ፣ ማለትም የእንቁላል ማምረቻው ችግር) ያለባችሁ እህቶች አንብቡት

ሰላም እህቶቼ፣ እኔ እንኳን ፖስት የማደርግ ሰው አይደለሁም፣ የሌላውን አንብቤ ማለፍ ነው ልማዴ፣ ግን ይቺን ዶክተር ሳላመሰግን ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ከ19 ዓመቴ ጀምሮ ፔሬዴ ሲፈልግ ነው የሚመጣው። 2 ወር ይጠፋል፣ 4 ወር ይጠፋል፣ ከመጣ ደግሞ 15 ቀን ሙሉ አልሄድም ይላል። አገጬ ላይ ፀጉር፣ ፊቴ ላይ ብጉር፣ ክብደቱ ደግሞ ሳልበላ ውዬ እንኳን የሚጨምር ነው የሚመስለኝ። 6 ዓመት ተንከራተትኩ። የመጀመሪያው ሐኪም ስልኩን እየነካካ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "ወፍረሻል፣ ቀንሺ" ብሎ ሸኘኝ፣ እንዴት እንደምቀንስ ግን የለም። ሌላዋ "ስትወልጂ ይተውሻል" አለችኝ። ከሁሉም ያቃጠለኝ ግን አልትራሳውንድ ያነሳኝ ሰውዬ ነው፣ ማሽኑን ገና ከሆዴ ላይ ሳያነሳ "ኦቫሪሽ በሲስት ተሞልቷል፣ ልጅ አትጠብቂ" አለኝና ሶፍት ወርውሮልኝ ወጣ። በቃ እንዲሁ። ከዛ በኋላ 2 ዓመት ሕፃን ማቀፍ አቃተኝ፣ የቅርብ ጓደኛዬ ልጅ ዳዴ ሲል ሳላየው ነው ሮጦ ያገኘሁት። መሀል ላይ ደግሞ ሆርሞን ያስተካክላል የተባለ ዱቄት ኦንላይን ገዝቼ ጠጣሁ፣ የተስተካከለው የሻጯ ኪስ ብቻ ነው።

ወደዚህች ዶክተር የሄድኩት በዛችው ጓደኛዬ ጭቅጭቅ ነው እንጂ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ስገባ ሻርፔን ጠምጥሜያለሁ፣ ይሞቃል ግን አልፈታውም፣ ምክንያቱም ማጅራቴ ጥቁር ነው። እድፍ መስሎን እኔም እናቴም ያልፈተግንበት ነገር የለም፣ እስኪደማ ሁሉ ፈትጌው አውቃለሁ። መጀመሪያ የፔሬዴን ቀን አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፣ ጻፈች፣ ከዛ "እስኪ ሻርፕሽን ፍቺልኝ" አለች። አፈርኩ፣ ግን ፈታሁት። ወደ መስኮቱ አዞረችኝና ማጅራቴን በጣቷ ቀስ አድርጋ ዳሰሰችው። "ይሄን ስትፈትጊው ነው የኖርሽው አይደል?" ዝም አልኩ። "የኔ እህት፣ ይሄ እድፍ አይደለም። ኢንሱሊን የሚባለው የደም ስኳር የሚቆጣጠር ሆርሞን ሲበዛ የሚመጣ ነው፣ ብትፈትጊው ይቆስላል እንጂ አይለቅም።"

እናንተዬ እዛው ወንበር ላይ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አላቋረጠችኝም። ሰው በሩን ሲያንኳኳ "ትንሽ ጠብቁን" ብላ ዝም ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። እጇ ይባረክ፣ ያን ቀን ባታክመኝ እንኳን ይበቃኝ ነበር።

ከዛ ወረቀት ገልብጣ እየሳለች አስረዳችኝ። ግማሹ አልገባኝም፣ የገባኝን ልንገራችሁ። ሲስት የሚሉት ዕጢ አይደለም፣ አድጎ መውጣት ያቃተው የእንቁላል ከረጢት ነው። ኢንሱሊኑ ሲበዛ ኦቫሪ የወንድ ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመርት ይገፋፋዋል፣ ፀጉሩም ብጉሩም የፔሬዱ መጥፋትም ከዛ ነው የሚመጣው። ፒሲኦኤስ ነው ለማለት አልትራሳውንድ ብቻውን ደግሞ አይበቃም፣ ከ3 ምልክት 2ቱ መገኘት አለባቸው፣ የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) እና የፕሮላክቲን (የጡት ወተት ሆርሞን) ምርመራም ያዘዘችልኝ እነሱም ፔሬድ ስለሚያዛቡ ነው። የስኳር ውሃ አጠጥታ ከ2 ሰዓት በኋላ ደሜን አስመረመረችኝ፣ ስኳሬ ድንበር ላይ ቆሞ ነበር። 6 ዓመት ሙሉ ማንም አላየልኝም!

"ልጅስ?" አልኳት ድምፄ እየተንቀጠቀጠ። "ማን ነው አትወልጂም ያለሽ? እንቁላል በየወሩ አለመውጣቱና መካን መሆን አንድ አይደለም። ስትፈልጊ ንገሪኝ፣ እንቁላል የሚያስወጣ መድኃኒት አለ፣ ብዙ ሴቶች ይወልዳሉ" አለች። የምር አቀፍኳት።

ሜትፎርሚን የሚባል የስኳር መድኃኒት ጀመርኩ፣ "ሆድሽን ያስቸግርሻል፣ በትንሹ ጀምሪ፣ ከምግብ ጋር ውሰጂው" ብላ አስቀድማ ስለነገረችኝ ሲያስቸግረኝ አልደነገጥኩም። 92 ኪሎ ነበርኩ፣ 30 ኪሎ ቀንሺ ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ "ለጊዜው 5 በመቶዋ ትበቃናለች" አለችኝ፣ ማለት 5 ኪሎ እንኳን አይሞላም! በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ። ፔሬድ ከ3 ወር በላይ ከጠፋ ግን ዝም ብለሽ እንዳትቀመጪ ብላ አስጠንቅቃኛለች፣ የማህፀን ግድግዳው እየወፈረ ስለሚሄድ ጥሩ አይደለም አለች፣ ለሱ መጀመሪያ ላይ የሚያመጣ ክኒን ሰጥታኛለች። በ7ኛው ወር በራሱ ጊዜ መጣ፣ ሰው በፔሬድ ይደሰታል? እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

ድናለች እንዳትሉኝ። ድኖ የሚያልቅ ሳይሆን እየተያዘ የሚኖር ነገር ነው ብላኛለች። የአገጬ ፀጉር አሁንም አለ፣ እሱ ከ6 ወር በላይ ይፈልጋል ተብያለሁ፣ እስከዛ በወረንጦ ነው። ማጅራቴ ግን ፈካ ብሏል፣ ሻርፑን ከተውኩት ቆየሁ።

ትንሿ እህቴም 16 ዓመቷ ነው፣ አንገቷ መጥቆር ሲጀምር ይዣት ሄድኩ። ዶክተሯ አልትራሳውንድ ታዛለች ብዬ ስጠብቅ እምቢ አለች፣ ፔሬድ ካየች 8 ዓመት ያልሞላት ልጅ ኦቫሪዋ እንደዛ መታየቱ ብዙ ጊዜ ኖርማል ነው፣ በከንቱ ማስፈራራት ነው የሚሆነው አለች። ሌላው ቢሆን ገንዘቡን ተቀብሎ ያነሳት ነበር።

ሂዱ እህቶቼ፣ በናታችሁ ሂዱ፣ "ወፍረሻል" ተብላችሁ ተሸማቃችሁ ቤት አትቀመጡ። ሳላስፈቅዳት ስሟን እዚህ አልጽፍም፣ ኢንቦክስ አድርጉልኝ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። ወረፋው ረጅም ነው፣ አንዴ 3 ሰዓት ጠብቄ ተነጫንጬ አውቃለሁ፣ ግን እናንተም ስትገቡ እንደዛው አታጣድፋችሁም። ስትሄዱ የመጨረሻዎቹን ፔሬዶቻችሁን ቀን ስልካችሁ ላይ ጽፋችሁ ያዙ፣ ገና ሳትቀመጡ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።